የዱቤ ደብተር

ጋሼ ቢምረው፣ ከባሕር ዳር ገበያ በር፣
በሰዓት ሁለት ብር ብስክሌት ያከራይ ነበር።
አሥራ አንድ ብስክሌት፣ አንድ መንፊያ፣ አንድ ወንበር፤
ያልከፈለ እንደሆን ስሙ ደብተር ላይ ይሰፍር።

ዓይኑ ሲደክምበት፣ እጁ ጎማ መፍታት ሲያቅተው፣
ጠራኝና ደብተሩን ሰጠኝ። “ይኸን መንገድ ንዳው፤
ሀያ ሁለት ዓመት፣ ክረምት ከበጋ የለፋሁበት ነው።
ከዚህ ተነሥ፤ ደጀን አፋፉ ላይ ጨርሰው።”

ገለጥሁት። ኪሎ ሜትር የለም፤ ካርታም የለበት፤
የባለ ዕዳ ስም ብቻ፣ ከጎኑ ጥቂት ቃል አለበት።
በጊዜው የከፈለ፣ ሜዳ ነው፤
የካደ፣ ዳገት ነው፤
አገር ለቆ የሄደ፣ ወንዝ ነው።
መፍቻው ይኸው ነው።

ጥቅምት ነው። በማለዳ ካቴናውን ዘይት አጠጣሁ፣
ፍሬኑን ሞከርሁ፣ አንድ ትርፍ ከመነዳሪ ያዝሁ፣
ዓባይን ከኋላዬ ትቼ ወደ መራዊ አቀናሁ።

ገጽ አንድ፦ “ዓባይ። ወንድሜ ጥሩነህ። አሥራ ሁለተኛዋን
ለአንድ ሰዓት ብሎ ወሰደ። አላየሁም ሁለቱን።”

የቆጋ ሜዳ “ውዴ” ነው፤ ከፋይ ናት፣ ቀን የማታሳልፍ፤
ቦዩ ከጎኔ ይሮጣል፣ ጎማዬ ሹክሹክታው አያርፍ፣
ዳጉሳው ጡጫውን ጨብጦ፣ ኑጉ ቢጫውን ሲያራግፍ።

“ግልገል ዓባይ። ሰንደቄ። ተምሮ ሄደ፤ ይቅናው።”
ድልድዩ ላይ ቆሜ ጠጣሁ። ውሃው ቡናማ ነው፣ ፈጣን ነው።

ዳንግላን ሳልፍ ሰማዩ ቀረበ፤ ላቤ በረደ፤
እንጅባራ ሲቃረብ፣ ከቀርቀሃው መሐል አንድ ፈረሰኛ ወረደ።
አላናገረኝም። ፈረሱ ግን ጎማዬን አየና ነደደ።
ዳገቱን ቀደመኝ፤ ኮቴው የረጨው ጭቃ ፊቴን መታው፤
በትሊሊ ቁልቁለት ደረስሁበት፤ ሣቀ፣ አለንጋውን አነሣው።
ዞሬ ላየው አማረኝ፤
ቁልቁለት ግን አንገት አያስዞርም፤ አንገት ሰባሪ ነው።

“ፈጣም። ስሟን ረሳሁ። ሳቋን ግን አልረሳሁ።”
እኔም ድልድዩን ስሻገር ደወሌን ሁለት ጊዜ መታሁ።

ቡሬ አደርሁ። በነጋታው ጉልበቴ እንጨት ሆነ።
ብር፣ ላህ፣ ተምጫ፦ “ሦስት ወንድማማች፤ ሦስቱም ሹፌር ሆነ።”
(ሰዋስው አያውቅም ቢምረው፤ ወንዝ ግን ያውቃል።)

ተምጫ ሳልደርስ፣ ጅጋ መግቢያ ላይ፣ ጎማዬ ተነፈሰች፤
ትርፏም ጤና የላት። ይታይሽ የምትባል ጎሚስታ በሳፋ ውሃ ነከረች፣
አረፋውን በጣቷ ተከተለች፣ ለጠፈች።
ዝርዝር አጣን። “ስትመለስ” አለች፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች።
ደብተር የላትም። በዓይኗ ግን ጻፈች።

ከደምበጫ ወዲያ “ጥጋቡ። ነገ ነገ እያለ ሦስት ዓመት ያስሮጠኝ።”
ጫፉ ደረስሁ ስል ሌላ ጫፍ አሳየኝ፤
ያንን ስጨርስ
“ነገ” አለኝ።

ማርቆስ አደርሁ። ጨሞጋን በጤዛ ተሻገርሁ፤
በገጹ ላይ ስሙ ተፍቋል። ማን ነበር ብዬ አልጠይቀውም አልሁ።

የመጨረሻው ገጽ፣ ከሉማሜ አልፎ፣ ደጀን ሳይደረስ፣
የኔ ስም። እግሬ ፔዳሉ ላይ ቀረ፣ ሳይወጣ ሳይመለስ።
“አንሙት። ልጅ ሳለ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ብር። ዳገቱ አጭር ነው፤
መሐሉ ላይ መውረድ ያምረዋል፤ ካላወረዱት ጫፉ ነፋስ አለው።”

ስም ይሁን ትእዛዝ አልለየሁም፤ ላብ ዓይኔን ጋርዶኝ ነበር፤
አንሙት! እያልሁ ረገጥሁ፣ እኔና ጉልበቴ፣ እኔና ያቺ ሁለት ብር።

ነፋሱ ነበረ።
ባሕር ዳር ጀርባዬን የሰጠሁትም፣ ከአፋፉ ሥር፣ ዓባይ፤
ጎጃምን ሙሉ ዞሮ፣ ቀጥኖ፣ እንደ ካቴና ሲታይ።
“ጥሩነህ” አልሁት። ድምፄ ወረደ፤ አልተመለሰም ወደ ላይ።

እርሳሱን አወጣሁ፤ በስሜ ጎን “ተከፍሏል” ብዬ ጻፍሁ።
የጥሩነህን አልነካሁም፤ የኔ አይደለም፣ ተውሁ።
ፀሐይ ሳትወድቅ ብስክሌቴን ወደ መጣሁበት መለስሁ፦
ጅጋ፣ የይታይሽ ሠላሳ ብር አለ፤
ዳገት ሆኜ እንዳልቀርባት ፈራሁ።